ፈንገስ አምራች ምስጥ፦ አኗኗሩና ጉዳቱን መቀነሻ መንገዶች

መግቢያ

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በወለጋ፣ ምስጥ የበቆሎና የጤፍ ማሳን፣ የግጦሽ መሬትን፣ የባሕር ዛፍ ችግኝንና የሣር ቤትን የሚጎዳ ተባይ መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ሰብሉ በተበላ ቁጥር ኩይሳውን በዶማ ያፈርሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ኩይሳው ተጠግኖ ያገኘዋል። ይህ ድካም ለምን ፍሬ እንደሚያጣ ለመረዳት በኩይሳው ውስጥ ያለውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀውም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንኑ ተረድተው ለገበሬው ለማስረዳት እንዲችሉ ነው።

1. ምስጡና ፈንገሱ

ምስጥ በአኗኗሩ ጉንዳንን ቢመስልም በዘር የሚቀርበው በረሮን ነው። በአፍሪካና በእስያ ከሚኖሩት ምስጦች መካከል ከ300 የሚበልጡ ዝርያዎች ፈንገስ ያመርታሉ። በአገራችን ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ማክሮተርመስ፣ እንዲሁም ኦዶንቶተርመስና ማይክሮተርመስ የሚባሉት ከእነዚሁ ወገን ናቸው። የሚያመርቱት ፈንገስ ተርሚቶማይሲስ ይባላል።

ምስጡ ወደ ጎሬው የሚያስገባው ደረቅ ሣር፣ አገዳና እንጨት ሴሉሎስና ሊግኒን በሚባሉ ጠንካራ ነገሮች የተሠራ ነው። ምስጡ ብቻውን ይህን በሚገባ ሊፈጨው አይችልም። በመሆኑም ሥራው በሚከተለው ሁኔታ ይከናወናል፦

ወጣቶቹ ሠራተኛ ምስጦች የመጣውን ደረቅ ነገር ከፈንገሱ ዘር ጋር አብረው ይበሉታል። ሳይፈጭም ወዲያው ያወጡትና እየደራረቡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ይሠሩበታል። ይህንን እኛ የፈንገስ እንጀራ እንለዋለን። ዘሩ በእንጀራው ውስጥ በቅሎ ጠንካራውን ነገር ያላላል፤ በላዩም ላይ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጡ ነጫጭ እንክብሎች ያወጣል። እንክብሎቹን ወጣቶቹ ሠራተኞች ይበሏቸዋል፤ በውስጣቸው ያለውም ዘር ወደ አዲሱ እንጀራ ይተላለፋል። ከሳምንታት በኋላ በሚገባ የላላውን አሮጌ እንጀራ ደግሞ ጎልማሶቹ ምስጦች ከሥር ከሥሩ ይመገቡታል። ስለዚህ እንጀራው ከላይ ሲጨመርበት ከታች ሲበላ ይኖራል።

ሁለቱም ከዚህ ኑሮ ይጠቀማሉ። ፈንገሱ ምግብ፣ እርጥበትና ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያገኛል፤ ከሌሎች ሻጋታዎችም ይጠበቃል። ምስጡም በራሱ ሊፈጨው የማይችለውን ገለባ ወደ ምግብ የሚለውጥለት ረዳት አገኘ ማለት ነው። ፈንገሱ ከምስጥ ጎሬ ውጭ ራሱን ችሎ አይኖርም፤ እነዚህ ምስጦችም ያለ ፈንገሱ አይኖሩም። ለዚህ ነው የፈንገስ እንጀራው የመንጋው ሁሉ ሆድ ነው ለማለት የሚቻለው።

ክረምት ሲገባ ክንፋሙ ምስጥ፣ ማለትም አሸን፣ ወጥቶ ይበራል። ተባዕትና እንስት ጥንድ ጥንድ ሆነው አዲስ ጎሬ ይጀምራሉ። በአብዛኞቹ ወገኖች የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች የፈንገሱን ዘር ከውጭ ለቅመው ያመጣሉ። ማይክሮተርመስ ግን ከዚህ ይለያል፤ እንስቷ ዘሩን ከእናት ጎሬዋ በሆዷ ይዛ ትወጣለች። በዝናቡ ወራት በኩይሳ ላይና በአካባቢው የሚበቅለው እንጉዳይም ይኸው ፈንገስ ዘሩን ለመበተን የሚያወጣው አካል ነው። ከመሬት በታች እንደ ሥር ረዝሞ እስከ ፈንገስ እንጀራው በሚደርሰው ግንዱ ይታወቃል።

2. ከአሜሪካ ጉንዳኖች ጋር ሲነጻጸር

ፈንገስ የሚያመርተው ምስጥ ብቻ አይደለም። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ቶማስ ቤልት የተባለ እንግሊዛዊ በኒካራጓ ተመልክቶ በ1874 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉንዳኖቹ የሚቆርጡትን ቅጠል ለፈንገስ ማብቀያ እንደሚያደርጉት ገልጿል።

በሁለቱ መካከል ለገበሬ የሚጠቅም ልዩነት አለ። የአሜሪካው ጉንዳን ለፈንገሱ ማብቀያ የሚመርጠው እርጥብ ቅጠልን ነው፤ ስለዚህ የሚያጠቃውም ለምለሙን ተክል ነው። የእኛ ምስጥ ፈንገስ ግን በዋናነት የሚበቅለው በደረቅ ነገር ላይ ነው። ምስጡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የወደቀ ቅጠል፣ ደረቅ ሣር፣ አገዳ፣ እንጨትና የደረቀ እበት ነው።

3. ምስጥ ወደ ሰብል የሚዞረው ለምንድን ነው?

የፈንገስ እንጀራው በየጊዜው አዲስ ደረቅ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። ዛፉ ተመንጥሮ፣ ሣሩ ከልክ በላይ ተግጦ፣ አገዳው ለማገዶና ለከብት ተለቅሞ፣ እበቱም ለኩበት ተወስዶ መሬቱ ሲራቆት ለምስጡ የቀረለት የገበሬው ሰብል፣ ችግኝና የቤት ምሰሶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በተራቆተ መሬት ላይ የሚታየው የምስጥ ጉዳት የመሬቱ መጎሳቆል መንስኤ ብቻ ሳይሆን ውጤትም ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በኡጋንዳ ናካሶንጎላ በተባለው የከብት አርቢዎች አገር የተደረገው ሙከራ ነው። በዚያ ምስጥ ባራቆተው የግጦሽ መሬት ላይ የሣር ዘር ብቻ ሲዘራ ምስጡ ቡቃያውን ጨረሰው። አስቀድሞ ከብቶች በቦታው ሌሊት ሌሊት እንዲያድሩ ተደርጎ እበታቸው ከቀረ በኋላ ሲዘራ ግን ሣሩ ተቋቁሞ በቀለ።

4. ምን ይደረግ?

ሀ. የምስጡን ወገን መለየት። ማክሮተርመስ ትልቅ ኩይሳ አለው። ማይክሮተርመስ ግን ኩይሳ የለውም፤ ትንንሽ የፈንገስ እንጀራዎቹን በመሬት ውስጥ በታትኖ ያኖራል፤ የበቆሎውንም ሥር ከታች ይበላል። ኩይሳ በሌለበት ማሳ በቆሎው ከወደቀ የሩቁን ኩይሳ ማፍረስ ላይጠቅም ይችላል።

ለ. ደረቅ ነገር በማሳ ላይ መተው። አገዳውን ሁሉ ከመልቀም ከፊሉን በመደዳዎቹ መካከል ማልበስ፣ ብስባሽና ፍግ መጨመር ይገባል። ይህ ምስጡን አያጠፋውም፤ ሰብሉ እስኪጠነክር ጊዜ ይሰጠዋል።

ሐ. በጊዜ መሰብሰብ። በቆሎ ደርቆ ሲቆይ ምስጥ ይጥለዋል፤ መሬት የነካውም ራስ በሻጋታ ይበላሻል። የደረሰውን ሳይዘገዩ ማንሣት ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

መ. ኩይሳን እስከ ሥሩ መቆፈር። ከማሳና ከቤት አጠገብ ያለ ኩይሳ ሊጠፋ ካስፈለገ አናቱን ማፍረስ አይበቃም። ንግሥቲቱና ንጉሡ የሚገኙበትን ጠንካራ የጭቃ ክፍል አግኝቶ ሁለቱንም ማውጣት፣ የፈንገስ እንጀራውንም ጠርጎ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እሷ ከወጣች በኋላም ምትክ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ወር በኋላ በጎሬው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በማግሥቱ መመልከት ነው። ቀዳዳው በእርጥብ አፈር ከተደፈነ መንጋው አልሞተም፤ እንደገና ይቆፈር።

ሠ. በአንድነት መሥራት። ምስጥ በመሬት ውስጥ መንገዱ ከጎረቤት ማሳ ይመጣል፤ አሸኑም ድንበር አያውቅም። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢቆፍር የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ሥራው በማኅበሩ ዕቅድ፣ በደቦ ቢከናወን የተሻለ ነው።

ረ. ከመርዝ መጠንቀቅ። ቀድሞ በኩይሳ ውስጥ ይፈስሱ የነበሩት አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን በአፈርና በእንስሳት አካል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆዩ በመሆናቸው በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ታግደዋል። ከቀድሞው ጊዜ የተረፈ ቢገኝ ማንም እንዳይጠቀምበት፣ ለሚመለከተው የግብርና መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ይነገረው። መርዝ ከተጨመረበት ኩይሳ የበቀለ እንጉዳይም አይበላም።

ከማሳና ከቤት የራቀ ኩይሳ ግን ሁልጊዜ መጥፋት የለበትም። ምስጥ ደረቁን ነገር አልሞ ወደ አፈር ይመልሳል፤ መንገዶቹም ውኃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ይረዳሉ። የሚያወጣው እንጉዳይ ለምግብ ይሆናል። ነገር ግን ከመርዘኛው የጅብ ጥላ አጥርቶ የሚለይ ሰው ካልለቀመው በስተቀር አይሞከር።

5. ለገበሬዎች የሚደረግ ማሳያ

የልማት ሠራተኛው ኩይሳ በሚቆፈርበት ቀን ገበሬዎቹን ሰብስቦ የፈንገስ እንጀራውንና ነጫጭ እንክብሎቹን ያሳያቸው። ከዚያም ቁራጭ እንጀራ ምስጦቹን አራግፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በክዳን ሸክላ ውስጥ ያስቀምጥ። ከቀናት በኋላ ሌላ ሻጋታ እንጀራውን ወርሶት ይታያል። በኩይሳው ውስጥ ሳለ ይህን ሻጋታ አግደው የያዙት ምስጦቹ ነበሩ። ገበሬው ይህን በዓይኑ ሲያይ ምስጡና ፈንገሱ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ይረዳል።

ማጠቃለያ

የምስጥ መንጋ ኃይል በፈንገስ እንጀራው ላይ የተመሠረተ ነው። እንጀራው የሚፈልገውን ደረቅ ነገር በማሳው ላይ ያገኘ ምስጥ ሰብልን ይበልጥ ይተዋል፤ መሬቱ ከተራቆተበት ግን የሚያገኘውን ሁሉ ይበላል። ስለዚህ ማኅበራት የቁፋሮውን ዘመቻ ከአፈር ማልበስ፣ ከግጦሽ አያያዝና ከዛፍ ተከላ ሳይለዩ በአንድ ዕቅድ እንዲይዙት እናሳስባለን።