የሺርቫን መንግሥትና ባላንጣዎቹ

በካስፒያን ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ዛሬ የአዘርባይጃን ሪፐብሊክ በሆነው ምድር፣ ሺርቫን የምትባል ትንሽ አገር ነበረች። ገዥዎቿ «ሺርቫንሻህ» ይባሉ ነበር። ከ861 እስከ 1538 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሥርወ መንግሥታቱ ቢለዋወጡም ዙፋኑ አልጠፋም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሴልጁኮች፣ ሞንጎሎችና ቲሙር በየተራ ገነው አልፈዋል። ትንሿ አገር እንዴት ሰነበተች? በመጨረሻስ ለምን ወደቀች? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

፩. አቀማመጥና ሀብት

በካውካሰስ ተራራና በባሕሩ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ የደርቤንት በር ነው። ከሰሜን የሚመጣ ጦር በዚሁ ያልፋል። ሐር፣ ጨውና የባኩ ነዳጅ ዘይት ደግሞ የአገሪቱ ሀብት ነበሩ። በር አጠገብ የተቀመጠ ባለሀብት ባላንጣ አያጣም። የደርቤንት አሚሮች፣ የጋንጃ ሻዳዲዶችና የጆርጂያ ነገሥታት በየዘመናቸው ተቀናቅነዋታል።

፪. የመሰንበቻው ዘዴ

የመጀመሪያው ዘዴ ጋብቻ ነው። ማኑቺህር ሣልሳዊ የጆርጂያውን ንጉሥ የዳዊት ራብዓዊን ልጅ ታማርን አገባ። ሆኖም ጋብቻው አማቹን በ1124 ሻማኺን ከመያዝ አላገደውም።

ሁለተኛው ግብር ነው። በ1382 ሕዝቡ በንጉሥ ሁሻንግ ላይ ተነሥቶ ገደለውና ኢብራሂምን አነገሠ። ሰዎቹ ሊያነግሡት ሲመጡ በእርሻው ላይ አገኙት ይባላል። በ1386 ቲሙር ወደ ካውካሰስ ሲገባ ኢብራሂም አልተዋጋም፤ ገበረ። በልማዱ ስጦታው ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ መሆን ሲገባው ባሮቹ ስምንት ብቻ ነበሩ። ዘጠነኛው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ «እኔው ነኝ» አለ ተብሎ ይተረካል። ቲሙርም አገሩን አጸናለት። የስጦታውና የግብሩ ሸክም በመጨረሻ የሚያርፈው ግን በገበሬውና በሐር ሠሪው ጫንቃ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። ቲሙር በ1405 ከሞተ በኋላ ኢብራሂም እስከ ታብሪዝ ዘለቀ። በ1412 ግን በጥቁር በግ ቱርክመኖች መሪ በቃራ ዩሱፍ ተሸንፎ ተማረከ። አጋሩ የጆርጂያው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ሲገደል፣ እርሱ በቤዛ ተለቀቀ።

፫. ውድቀቱ

በአርደቢል የነበረው የሳፋቪ የሱፊዎች ማኅበር ቀስ በቀስ ወደ ጦር ኃይል ተለወጠ። መሪው ሼክ ጁነይድ በ1460፣ ልጁ ሼክ ሃይደር በ1488 ከሺርቫን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በ1488 ንጉሥ ፋሩክ ያሳር ያሸነፈው በነጭ በግ ቱርክመኖች ገዥ በያዕቆብ ርዳታ ነበር። ያዕቆብ በ1490 ሞተ፤ መሳፍንቱም እርስ በርሳቸው ተፋጁ። በ1500 የሃይደር ልጅ እስማኤል የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ጦሩን ይዞ መጣ። ረዳት ያጣው ፋሩክ ያሳር በጃባኒ ጦርነት ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ሺርቫን የሳፋቪዎች ገባር ሆነች። በ1538 ሻህ ታህማስብ ዙፋኑን ሽሮ ወንድሙን አልቃስ ሚርዛን አገረ ገዥ አድርጎ ሾመ።

፬. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ግብር የሚፈልግ ባላንጣ በግብር ይመለሳል፤ ደም የሚፈልግ ግን በስጦታ አይመለስም። ሁለተኛ፣ በባዕድ ክንድ የተገኘ ድል ዕድሜው የባዕዱን ክንድ ያህል ነው።

ለውይይት፦ ኢብራሂም ለቲሙር መገበሩ ሽንፈት ነው ወይስ ብልሃት? ፋሩክ ያሳር ከ1488 ድል በኋላ ምን ማድረግ ነበረበት?