ዓርብ ስብከት ስትሄጂ

እስኪ ስልኩን ላንዴ አስቀምጪውና ስሚኝ እህቴ። ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ አንዱን ስብከት ሳትጨርሺ ወደ ሌላው ታልፊያለሽ። አንዱ ሰባኪ ሲያስለቅስሽ ታለቅሻለሽ፣ ሌላው ሲያስቅሽ ትስቂያለሽ፤ "ምን አለ?" ብልሽ ግን የምትነግሪኝ የለሽም። አልፈርድብሽም። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ስትታዘዢ ውለሽ ማታ በአማርኛ የሚያጽናናሽ ድምፅ ስታገኚ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን የሰማሽው እንዲቀርልሽ ከፈለግሽ አሰማሙንም መማር አለብሽ። ስብከት የሰባኪው ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሰሚውም ይደክምበታል።

እዚህ ጅቡቲ ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ሥራው እሑድ ይጀመርና ሐሙስ ያበቃል፤ አንቺ የምታርፊው ግን ዓርብ ነው። አገር ቤት እያለሽ እሑድ ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ ቅዳሴ እንደምትሄጂው እዚህ አይሆንልሽም፤ አሠሪሽ መፍቀድ አለባት። እና ያቺ ዓርብ ውድ ናት። ልብስሽን የምታጥቢው፣ ቤተሰብ ጋ የምትደውይው፣ ገንዘብ የምትልኪው በእሷ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ስትደርሺ ጉልበትሽ አልቋል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳና ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ተቀምጦ መስማት ራሱ ትግል ነው።

ስለዚህ ብታንቀላፊ አትሸማቀቂ። ሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የሚባል ወጣት መስኮት ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው እንጂ አልተቆጣውም። ልጁም በሕይወት ተመለሰ። አንቺ ግን ግድግዳ ተደግፈሽ ከኋላ አትቀመጪ፤ የሰባኪውን ፊት የምታዪበት ቦታ ያዢ። እንቅልፉ ከበረታብሽ ተነሥተሽ ቁሚ፤ ማንም አይታዘብሽም።

ዋናው ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት ያለው ነው። የዕለቱ ምንባብ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ግጻዌ በሚባለው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ዲያቆኑን ጠይቂው ወይም ስልክሽ ላይ ፈልጊው። ሐሙስ ማታ ወንጌሉን ብቻ አንብቢና አንድ ያልገባሽን ነገር ያዢ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ትዝ ይልሻል? የገንዘቧ ሁሉ ሹም ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ሳይገባው ነው ፊልጶስ የደረሰበት። ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ፊልጶስም ከዚያችው ጥያቄ ተነሥቶ ሰበከለት። ያን ቀን ተጠመቀ። ያ ሁሉ የተጀመረው ሰውዬው ያልገባውን ቦታ ስላወቀ ነው።

እስኪ ለምሳሌ መጻጉዕን እንይ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ነው፤ ሳምንቱም በስሙ ስለሚጠራ ዓርብ ብትሄጂም ስለ እሱ ሊሰበክ ይችላል። ዮሐንስ 5 ላይ ነው ያለው። 38 ዓመት የታመመ ሰው፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣ። ሰው የለኝም ማለትን እዚህ አገር ያለች እህት ታውቀዋለች። ስትታመሚ የሚያስታምምሽ፣ ደመወዝሽ ሲያዝብሽ የሚከራከርልሽ የለሽም። ሰባኪው ይህን ሲያነሣ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፤ አልቅሺ። እዚያ ላይ ግን አታቁሚ። ጌታ መጀመሪያ የጠየቀውን አስተውዪ፤ መዳን ትፈልጋለህ ወይ ነው ያለው። ያን ያህል ዘመን የተኛን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለምን አስፈለገ? ይህን ይዘሽ ሂጂ። ሰባኪው ካልመለሰልሽ ጉባኤው ሲያበቃ ቀርበሽ ጠይቂው፤ ያጠና መምህር ጥያቄ ደስ ይለዋል። ደግሞ ዞር ብለሽ እዪ፤ ማንም ሳያናግራት ገብታ ማንም ሳያናግራት የምትወጣ እህት አታጪም። መጻጉዕ እሷም ናት።

ሰባኪ ስትመርጪ በድምፁ አትመዝኚው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ400 ገደማ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቁስጥንጥንያ ላይ ሲሰብክ ሕዝቡ ያጨበጭብለት ነበር። ጭብጨባችሁ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ የነገርኳችሁን ኑሩበት እያለ ይለምናቸው ነበር፤ ይህንኑ ሲናገርም አጨበጨቡለት። እኛ ዘንድ እልልታ ነው፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን ነው። መልካም ነው፣ በዪ። ግን ከእልልታው በኋላ ከየትኛው ምዕራፍ እንዳስተማረ መናገር ካቃተሽ ወይ እሱ አላስተማረም ወይ አንቺ አልሰማሽም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ ዕለት ዕለት ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ ሐዋርያት ሥራ 17 ያመሰግናቸዋል እንጂ ተጠራጣሪዎች አይላቸውም።

ስልክ ላይ ስምሽን ጠርቶ፣ ራእይ አየሁልሽ ብሎ፣ የጸሎት ገንዘብ ላኪ የሚልሽን ሰው ወዲያው ዝጊው። ይህን ስልሽ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ያ ገንዘብ የእናትሽ መድኃኒት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የመጣውን ሲሞንን ከነገንዘቡ ነው የገሠጸው፤ መግዛቱ ካስወቀሰ መሸጡ እንዴት ይሆናል?

ማስታወሻ ደብተርሽ ትንሽ ትሁን፣ የጉርድሽ ኪስ ውስጥ የምትገባ። ሁሉን ልጻፍ አትበዪ፤ ጽሕፈት ላይ ሆነሽ ዋናው ነገር ያልፍሻል። ምንባቡን ጻፊ፣ ከሰማሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ በሳምንቱ የምታደርጊውን አንድ ነገር ጻፊ። ይቅርታ የምትጠይቂው ሰው ካለ ስሙን ጻፊ።

ማታ ደግሞ፣ ዓርብም የማትወጣ እህት ታውቂ የለ? ሥራ ስትጨርስ ደውዪላት። የሰማሽውን ንገሪያት፤ ከራስሽ አትጨምሪ፣ ያልገባሽን አልገባኝም በያት። እሷ "እንዴት?" ብላ ስትጠይቅሽ ነው የገባሽና ያልገባሽ የሚለየው። መልሱን ካላወቅሽው ጥያቄዋን እዚያችው ደብተር ላይ ጻፊና በሚቀጥለው ዓርብ ለመምህሩ አድርሺላት።