በሪፈር ወረቀቱ ላይ ያሉት ፊደላት ምን ይላሉ?

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በአምቡላንስ ከሚላክ ሕመምተኛ ጋር አንድ ወረቀት አብሮ ይጓዛል። ሪፈር እንለዋለን። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛው ነገር በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምህጻረ ቃል ነው። ምህጻረ ቃል የጸሐፊውን ጊዜ ይቆጥባል፤ ተቀባዩ ሌላ ትርጉም ከሰጠው ግን የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

«ፒ ኢ» የተባሉትን ሁለት ፊደላት እንመልከት። ለአዋላጅ ነርስ ከእርግዝና ጋር የሚከሰት የደም ግፊት ሕመም፣ ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም በሳንባ ደም ሥር የተወሸቀ የረጋ ደም፣ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ደግሞ የአካል ምርመራ ማለት ሊሆን ይችላል። «ቢ ኤስ»ም እንዲሁ የደም ስኳር፣ የአንጀት ድምፅ ወይም የትንፋሽ ድምፅ ተብሎ ይነበባል።

በመድኃኒት ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል። «ኤም ኤስ» የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ሰልፌት ነው ወይስ ለነፍሰ ጡር ሴት የመንቀጥቀጥ መከላከያ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት? ሁለቱም መጠናቸው ካለፈ ትንፋሽን ያዳክማሉ። የኢንሱሊን መጠን ሲጻፍ ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትመጣው «ዩ» ዜሮ መስላ ከተነበበች 10 የነበረው 100 ይሆናል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህን የመሰሉ ምህጻረ ቃላት እንዳይጻፉ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለቤተሰብ በተለይ የሚጠቅመው «ኤን ፒ ኦ» ነው። በአፍ ምንም እንዳይሰጥ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ዘመድ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሕመምተኛ አዝኖ አጥሚት ወይም ሾርባ ይሰጠዋል። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ሲተኛ ግን በሆዱ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በእኛ አገር ሌላም ችግር አለ፤ ይኸውም የሰዓት አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ላይ 2፡00 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በዚህ ስሕተት ሊዘለል ወይም ሊደገም ይችላል። በአዊ ዞን ደግሞ ብዙ ሕመምተኞች አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ ባለሙያው በአማርኛ ያነጋግራቸዋል፤ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት የሚከተሉትን እንጠይቅ፦

1. በሽታው ሳያጥር በሙሉ ስሙ ምን ይባላል?
2. የትኛው መድኃኒት፣ ምን ያህል ተሰጠ? ስሙ ሳያጥር ይጻፍልን። ባዶው ብልቃጥ ከተገኘም ይዘን እንሂድ።
3. በስንት ሰዓት ተሰጠ? ጠዋት ወይስ ማታ፣ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር?
4. ሕመምተኛው መብላትና መጠጣት ይችላል?

አማርኛ የማይችል ሕመምተኛ ካለ አገውኛ የሚያውቅ ዘመድ ከአጠገቡ አይለይ። ባለሙያዎችም ቢሆኑ የመድኃኒት ስምን፣ መጠንንና ሰዓትን አሟልተው ቢጽፉ የሚባክነው ጥቂት ሰከንድ ነው። ጥያቄ ማቅረብ ባለሙያን መድፈር አይደለም። መልሱ ባሕር ዳር ላለው ሐኪምም ይጠቅማል።