በከዚራ ለሚገኙ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ኃይልን ከቤት ፍጆታ ጋር ስለማመጣጠን

የፀሐይ ፓኔል ከመግዛት በፊት ቤቱ በቀን ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ መቁጠር ያስፈልጋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ወይም የማኅበሩ ኮሚቴ ይህን ሒሳብ ከአባላቱ ጋር ተቀምጦ ቢሠራው ይመረጣል፤ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው በዚህ ላይ ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛል። ባለ 60 ዋት ቬንቲሌተር ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢሠራ 480 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 9 ዋት አምስት አምፖሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 180፣ ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ቢከፈት 240 ይሆናል። ድምሩ 900 ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5,250 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ከላይ ከተቆጠረው ሁሉ ስድስት እጥፍ ያህል ይወስዳል።

ባለ 300 ዋት ፓኔል በቀን ለ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 1,500 ዋት ሰዓት መስጠት ይገባው ነበር። ሆኖም ሙቀት፣ አቧራና ባትሪው ስለሚቀንሱት 1,000 ብቻ ማሰብ ይሻላል። ስለዚህ መብራቱ፣ ቬንቲሌተሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ፓኔል ይሸፈናሉ፤ ምጣዱ በመስመሩ ኤሌክትሪክ ይቆይ። «ምጣድም ያሠራል» የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ በስንት ፓኔልና በስንት ዋት ኢንቨርተር እንደሆነ ይጠየቅ።

የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ መተው ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ ለሌሊቱ የሚታሰበው 1,200ው ነው።

በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ አሥር ቤቶች ምሽት ላይ አንድ ጊዜ ምጣድ ቢጥዱ 35 ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ። ማኅበሩ የመጋገሪያ ቀንና ሰዓት በተራ ቢያወጣ ምንም ወጪ የለበትም። እናቶች በቡና ላይ ቢነጋገሩበት ከስብሰባ ይልቅ ቶሎ ይስማማሉ።

ድሬዳዋ ሞቃት ስለሆነች ፓኔል ይበልጥ ይሠራባታል የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ፓኔል የሚሠራው በብርሃን ነው። የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 እጅ ገደማ ኃይል ያጣል። በቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ ቢደርስ 16 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር ያህል የነፋስ መተላለፊያ ይተውለት። ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ አቧራውም ጧት፣ ፓኔሉ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በከዚራ ዋናው ችግር ጥላ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተመሠረተው ይህ ሠፈር መንገዶቹ በዛፍ የተሸፈኑ ናቸው። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን ጥቂት ክፍል ቢሸፍን እንኳ ኃይሉ ከተሸፈነው ቦታ መጠን በላይ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ዛፉ ይቆረጥ የሚል አባል ይነሣል። ዛፉ ግን ግድግዳውንና ጣሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ከተቆረጠ ቬንቲሌተሩ ቀንም መሥራቱ አይቀርም፣ ሒሳቡም ይፋለሳል። ከ3 ሰዓት ጧት እስከ 10 ሰዓት ከቀኑ ጥላው የት የት እንደሚያርፍ በጠመኔ ምልክት እየተደረገ ለአንድ ቀን ይታይ። ጥላ የማይነካው ቦታ በቤቱ ጣሪያ ላይ ካልተገኘ፣ የጎረቤት ወይም የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ በስምምነት ይፈለግ።