ልምላሜን ከሰማይ መለካት

የአንድ ሠፈር ልምላሜ ከሰማይ የሚለካው እንዴት ነው? በቅጠል ውስጥ ያለው ሐመልሚል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ከታሕተ ቀዩ ቀዩን ቀንሰን ልዩነቱን ለድምራቸው ብናካፍል፥ ከ-1 እስከ 1 የሚደርስ ቍጥር እናገኛለን። ቍጥሩ ወደ 1 ሲቀርብ ልምላሜው በዝቷል ማለት ነው።

ካዛንቺስን እንመልከት። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በሚያነሡት ሥዕል፥ አንዲቱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። በዚህች ነጥብ ውስጥ የቆርቆሮ ጣራና የጓሮ ዛፍ ይደባለቃሉ። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የሠፈሩ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፥ አብሮ የተቈረጠ አንድ የጓሮ ዛፍ በቍጥሩ እምብዛም አይታወቅም፤ በአንድነት የተተከለ ሰፊ ሣር ግን ጎልቶ ይታያል። እንዲሁም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ በግንብ የታጠረ የሆቴል አትክልትና ለሁሉ የተከፈተ መናፈሻ በሥዕሉ አይለዩም።

እንግዲህ ቍጥሩን አንናቀው፤ ብቻውንም አንመነው። በየዓመቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በአንድ ወር የተነሡትን ሥዕሎች እናወዳድር። ከዚያም ካርታውን ይዘን በእግራችን እንዙር፤ በሩ ለማን ክፍት እንደ ሆነ፥ ከጥላው ሥር ማን እንደሚቀመጥ፥ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎችም ዛሬ በምን ጥላ ሥር እንዳሉ እንጠይቅ።