ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት
ስለ ወጣት ባለሙያዎች የባሕር ማዶ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለሰበካ ጉባኤያት የተዘጋጀ ትምህርት

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ከሚቀርቡት የድጋፍ ደብዳቤ ጥያቄዎች መካከል አንዱ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በግብርና፣ በውኃ ምሕንድስና፣ በጤና ወይም በአካባቢ ጥበቃ የተመረቀ ወጣት «በበጎ ፈቃደኝነት ወደ ውጭ ሀገር ሄጄ በዘላቂ ልማት ሥራ ላገለግል ነውና ሥነ ምግባሬን የሚያስረዳ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» ብሎ ይቀርባል። በሌላ ቀን ደግሞ የእርሱ እኩያ የሆነ የባሕር ማዶ ወጣት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ በአጋር ድርጅት በኩል «በአካባቢያችሁ ምንጭ ወይም በቤተ ክርስቲያናችሁ ደን ላይ ለስድስት ወር ልሥራ» ሲል ይጠይቃል። አንዱ ሊሄድ፣ ሌላው ሊመጣ ነው፤ ከሁለቱም ጥያቄ በታች ግን የሚያርፈው አንድ ማኅተም ነው። ኮሚቴው ያንን ማኅተም ከመምታቱ በፊት ምን ማወቅና ምን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ወጣት ባለሙያን ለልማት ሥራ ወደ ሌላ ሀገር የመላክ ልማድ በተደራጀ መልክ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በብሪታንያ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ተመሠረተ፤ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በ1961፣ የጃፓን የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች በ1965 ተከተሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1970 በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ የራሱን የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር አቋቋመ፤ የዚህም ዋና ጽሕፈት ቤት ዛሬ በጀርመን ቦን ከተማ ይገኛል። ሀገራችን ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለችም። ወደ 280 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 አዲስ አበባ ገብተው፣ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነዋል። ዛሬ በዕድሜ ከገፉት ምእመናን መካከል እንግሊዝኛን ወይም ሒሳብን ከእነርሱ የተማሩ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ፤ ይህም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁለቱ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው የኋለኛው ነው። ከውጭ የመጣው መምህር ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ሲሄድ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። የሚሄድበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ «ወንበሩን ማን ይረከባል?» የሚለው ጥያቄ ሊነሣ የሚገባው በሚሸኝበት ቀን ሳይሆን በሚመጣበት ቀን ነው። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ለዚህ ጥያቄ የሀገርን ልጅ በማቅረብ መልስ ለመስጠት የሞከረ ነበር። ሰበካ ጉባኤም በየትኛውም የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ላይ ሲነጋገር ይህን ጥያቄ ከሁሉ ማስቀደም ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለሚሄዱት እንናገር። በጎ ፈቃደኛ ማለት ከባለጸጋ ሀገር ወደ ድኻ ሀገር የሚመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ ዛሬ ስሕተት ነው። በተባበሩት መንግሥታት መርሐ ግብር ከሚያገለግሉት አብዛኞቹ የታዳጊ ሀገራት ልጆች ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ አፍሪካውያንን ከሀገራቸው ውጭ በሌላ የአፍሪካ ሀገር ያሰማራል። ጀርመን በ2008 የጀመረችው «ቬልትቬርትስ» የተባለው መርሐ ግብርም መጀመሪያ የራሷን ወጣቶች ብቻ ይልክ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን ከአጋር ሀገራት የሚመጡ ወጣቶችም በጀርመን እንዲያገለግሉ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጠይቀው ወጣት ሕልሙ ከንቱ አይደለም፤ «እኛ የምንረዳ እንጂ የምንረዳዳ አይደለንም» ብሎ ተስፋ ማስቆረጥም አይገባም።

ነገር ግን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ምን እንዳልሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የሚከፈለው ገንዘብ ለመኖሪያ የሚሆን አበል እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ለቤተሰብ የሚላክ ትርፍ ብዙውን ጊዜ አይኖረውም። ጊዜው ሲያበቃም በዚያው ሀገር ለመቅረት ዋስትና አይሰጥም። አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙበት ቀዳዳም ይኸው የመረጃ እጥረት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር በማመልከቻም ሆነ በምልመላ ደረጃ ከአመልካች ምንም ክፍያ አይጠይቅም። ስለዚህ በእርሱ ስም «ለፎርም»፣ «ለቪዛ ማስጨረሻ» ወይም «ለዋስትና» ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። አንዳንድ የግል ድርጅቶች ተሳታፊው የጉዞና የማረፊያ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን በግልጽ ያስታውቃሉ፤ ይህ በራሱ ማታለል አይደለም። ሆኖም ልጁን ለማስተማር የደከመ ገበሬ በሬውን ሸጦ የሚገዛው የስድስት ወር ልምድ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አብሮ ማስላት የአባቶች ድርሻ ነው።

ኮሚቴው ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። የሚቀበለው ድርጅት ስምና አድራሻ በሰነዱ ላይ አለን? ወጣቱ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ተጽፏልን? የጤና መድንና የመመለሻ ትኬት ማን ይችላል? «ለጊዜው በጎብኚ ቪዛ ግባ፣ ሌላው እዚያ ይስተካከላል» የሚል ምክር ከተሰጠው ግን ጉዳዩ እዚያው ላይ ሊቆም ይገባል። በተለይ ለእኅቶቻችን «በጎ ፈቃድ» ተብሎ የተነገራቸው ሥራ ሲደርሱ ፓስፖርት የሚቀማበት የቤት ሠራተኝነት ሊሆን ይችላል። ሰውን በማታለል ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ በዐዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ካህናት ለንስሐ ልጆቻቸው ማሳወቅ ይችላሉ። ያልተመረመረ የድጋፍ ደብዳቤ በደላላ እጅ ሲገባ ወላጅን የሚያሳምን መሣሪያ ይሆናል፤ «ቤተ ክርስቲያንም ፈርማለች» ይባልበታልና።

ደብዳቤው ሲጻፍ የሚታወቀውን ብቻ ይመስክር። «ሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ነው» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ለማንም ስለሚጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ወጣቱ በአጥቢያው የችግኝ ጣቢያ ሁለት ክረምት ሠርቶ ከሆነ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ይዞ ከሆነ፣ ይኸው በቀንና በሥራ ተዘርዝሮ ይጻፍለት። በቀዬው ምንም አገልግሎ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ከመከልከል ይልቅ «እስከዚያው ይህን የውኃ ኮሚቴ መዝገብ አደራጅልን» ማለት ለእርሱም ለአጥቢያውም ይበጃል። መራጮች የሚፈልጉት የሠራ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሚመጡት እንመለስ፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ስላሉት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተሠራው ሥራ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከጥንቱ የሀገር በቀል ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ መሆኑ ይታወቃል። ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ በኔዘርላንድስ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ላጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መረመሩ። ከብቶች እየገቡ ቡቃያውን ስለሚበሉና ስለሚረግጡ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ እንደሚታጣም አሳዩ። ከዚያም ሜግ ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ሆነው ደኖቹ በሳተላይት ፎቶግራፍ ምን እንደሚመስሉ ለካህናት አቀረቡ፤ በሰፊ የእርሻ መሬት መካከል ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ነበሩ። የተገኘው መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ምእመናን ከማሳቸው ላይ የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው በደኑ ዙሪያ ካቡ፤ ማሳውም ለማረሻ ቀለለ።

ይህ በጥብቅ አነጋገር የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር አይደለም። የሥራ ክፍፍሉ ግን ማንኛውም አጥቢያ ሊከተለው የሚችል ነው። ከውጭ የመጣው ምስሉና ድጋፉ ነበር፤ ጥናቱን የሠሩት በባሕር ማዶ ተምረው ሥራቸውን ወደ ሀገራቸው የመለሱ የአገር ልጅ ነበሩ፤ ድንጋዩም፣ ጉልበቱም፣ ጥበቃውም የምእመናኑ ነው። እንግዳው ቢሄድ ካቡ አይፈርስም፤ ቢፈርስም መልሶ የሚክበው ሰው እዚያው አለ።

የተቃራኒውን ምሳሌ ከእጅ ፓምፕ እንውሰድ። በብዙ ገጠር ቀበሌዎች የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው፤ በአንድ መፍቻ ይፈታል፣ የሚያልቁት ጎማዎቹም በየጊዜው የሚለወጡ ናቸው። አንድ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ በስድስት ወር ውስጥ አሥር ፓምፖችን በገዛ እጁ ቢጠግን የሚያስመሰግን ሪፖርት ይጽፋል። ጎማው እንደገና ሲያልቅ ግን ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ያው ወጣት ሦስት ፓምፖችን ብቻ ከውኃ ኮሚቴው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ጋር ቢፈታና ቢገጥም፣ መለዋወጫው ከየትኛው ከተማ በስንት ብር እንደሚገዛ አብሮ ቢያጣራ፣ የወር መዋጮውም ለዚያ እንዲበቃ ቢያሰላ፣ ሪፖርቱ አጭር ውኃው ግን ረጅም ይሆናል። ኮሚቴው ለአጋር ድርጅቱ በሚጽፈው ጥያቄ ላይ «መሐንዲስ ይላክልን» ብቻ ከማለት «ከእነዚህ ከሦስቱ ሰዎች ጋር የሚሠራ መሐንዲስ» ብሎ ስማቸውን መጥቀስ ይችላል።

እንግዳው ሥራውን ሲሳሳት ማን ይነግረዋል? እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋታችን ይሉኝታችን ነው። እንግዳ ተቀባይነታችን ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ችግኝ በማይጸድቅበት ወቅት ሲያስተክለን «በጣም ጥሩ ነው» ብለን ቡና አፍልተን እንሸኘዋለን፤ ትችቱን ከሄደ በኋላ እርስ በርሳችን እንነጋገረዋለን። እ.ኤ.አ. በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባለው ካቶሊካዊ ካህን በሜክሲኮ ኩዌርናቫካ ለተሰበሰቡ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ቀና ልብ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ለመማር ቢመጡ መልካም እንደሆነ፣ «ለመርዳት» ብለው መምጣቱን ግን እንዲተዉት በጽኑ ቃል ነግሯቸው ነበር። እኛ ያን ያህል መጨከን አያሻንም። በወር አንድ ቀን፣ በአስተርጓሚ ፊት፣ «ምን ይቀየር?» የሚል ጥያቄ ብቻ የሚነሣበት ስብሰባ ከመጀመሪያው በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ቀኑ በውል የታሰረ ሲሆን መናገር ነውር መሆኑ ይቀራል። የማስተናገጃውንም ወጪ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ የእንግዳው ምግብና ማደሪያ በአንድ ካህን ቤት ላይ ተጥሎ የቀሲስ ባለቤት በዝምታ የምትሸከመው ዕዳ ሊሆን አይገባም።

ስለ ሕፃናት የሚነገረው ከሁሉ የጠበቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ስለ ሕፃናት መብት በሚናገረው ውሳኔ፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎች የሚደረግ ጉብኝትና የበጎ ፈቃድ ሥራ ሕፃናትን ለብዝበዛ ሊያጋልጥ እንደሚችል አሳስቧል። አውስትራሊያም በ2018 ባወጣችው ሕግ ሕፃናትን ለዚህ ዓላማ ወደ ማሳደጊያ ማስገባትን ከዘመናዊ ባርነት ቆጥራዋለች። የአብነት ተማሪዎቻችን ከወላጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ከውጭ የመጣ በጎ ፈቃደኛ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከተማሪ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ደበሎ የለበሰውን ልጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዳያውለው፣ የሥነ ምግባር ማረጋገጫውንም ከሀገሩ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ እንግዳን መጠርጠር ሊባል አይችልም። የኔታን አስቀድሞ ማማከርም ግድ ነው።

የአገልግሎቱ ጊዜ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው የርክክብ ሰነድ ይዘጋጅ፤ በአማርኛ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቤት ይቀመጥ። የተሠራው፣ ያልተጠናቀቀው፣ ቁልፉና መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ፣ መለዋወጫ የሚገኝበት ቦታ ይዘርዘርበት። ከአጥቢያው ሄዶ የተመለሰው ወጣትም እንዲሁ በጉባኤ ፊት ቀርቦ ያየውን ይንገር። በሌላ የአፍሪካ ሀገር የውኃ ኮሚቴ መዋጮ እንዴት እንደሚሰበሰብ ዐይቶ የመጣ ልጅ፣ ያ ዘዴ በእኛ ቀበሌ ይሠራ እንደሆነ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ እንዲያቀርብ አጀንዳ ሊያዝለት ይገባል።