ሕፃናት በሌሊት የሚያለቅሱት ስለ ምንድን ነው?

ቤተ ሰብ ሁሉ በተኛበት እኩለ ሌሊት የአራስ ሕፃን ልቅሶ ቤቱን ይሞላዋል። እናት ታጠባዋለች፤ ጥቂት አንቀላፍቶ እንደ ገና ያለቅሳል። ጎረቤት «ዐይን በልቶት ነው» ይላሉ፤ አማት «ወተትሽ አልበቃውም» ይላሉ። በእናቲቱ ድካም ላይ ኀፍረት ይጨመርባታል። ይህ ኀፍረት ያለ አግባብ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ ልዩነቱን ሰውነቱ መልመድ የሚጀምረው ሁለትና ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ሆዱ ትንሽ፣ የጡት ወተትም ፈጥኖ የሚፈጭ ስለ ሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ያስፈልገዋል። ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞንም በሌሊት ይበዛል፤ ስለዚህ በሌሊት ማጥባት ወተቱን ያበረክተዋል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ከሸናና ክብደቱ ከጨመረ፣ ልቅሶው የወተት ማነስ ምልክት አይደለም።

ጠግቦም የሚያለቅስ አለ። የሕፃናት ልቅሶ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ እጅግ ይበረታል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላቸው ይበርዳል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሞሪስ ዌሰልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ ሲያለቅስ ኮሊክ እንዲባል ወስነዋል። የዚህ ልቅሶ መንስኤ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ እናትን ለመውቀስ ግን ሁሉም ይቸኩላል።

ልቅሶውን ለማስቆም ተብሎ ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ወይም የአብሽ ውሃ ማጠጣት ሕፃኑን ለተቅማጥ ያጋልጠዋል፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። እንጥል ማስቆረጥማ ደም አፍስሶ፣ ቁስል አመርቅዞ ለሞት ያደርሳል። ይልቁንስ ጨርቁ ርሶ እንደ ሆነ መመልከት፣ ካጠቡ በኋላ አቅፎ ማስገሳት፣ መብራቱን ቀነስ አድርጎ በዝግታ ማባበል ይጠቅማል። ብርድ ፈርተን በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበን የምንጠቀልለው ሕፃን ሙቀቱ አስጨንቆት የሚያለቅስበት ጊዜም አለ። አባትም ተራውን ይነሣ፤ ማጥባት ባይችል ማቀፍ አያቅተውም።

እናት ትዕግሥቷ ካለቀ፣ ሕፃኑን አደጋ በሌለበት ስፍራ በጀርባው አስተኝታ ጥቂት ደቂቃ ወጣ ብላ ትተንፍስ። ሕፃንን መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፤ ፈጽሞ አይገባም። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መተንፈስ ከተቸገረ ወይም ልቅሶው ደክሞ ወደ ማቃሰት ከተለወጠ፣ ንጋትን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።